ብርቱካናማው እጀታ

ለትልቁ ወንድሜ፤

ከባሕሩ ወዲህ ያለነው ሁላችን ከባሕሩ ወዲያ ላለኸው ላንተ የናፍቆት ሰላምታችንን እንልካለን። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ደረትህን ይዞህ የነበረው ሳል ለቀቀህ? የምትበላው ይስማማሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። «ደህና» ስል እንደ አክስታችን እንደ ማብሩካ አነጋገር ነው፤ እሷ ባለፈው ወር ሦስት ጥርስ አስነቅላ፣ ደሟን በመሐረብ እየጠረገች ስትገባ እንዴት ነሽ ቢሏት ደህና ነኝ ነው ያለችው። እናታችን ግንባርህን ትስማለች። ፍየሏ ሁለት ወልዳ አንዱን ተኝታበት ገደለችው። ሌላው ደህና ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ስንደዋወል እናታችን ስልኩን ትሪ ላይ አስቀምጣ፣ ድምፁን ከፍታ፣ ቤተሰቡን ዙሪያውን ትደረድራለች። ከዚያ አንተ ደህና ነኝ ትላለህ፣ እኛ ደህና ነን እንላለን፣ አክስታችን ጣልያን ሩቅ ስለሆነ መጮኽ ያስፈልጋል ብላ ትጮኻለች፤ ያልቃል። ይህን ወረቀት ግን ለዓሣ ንግድ ወደ እናንተ ከተማ የሚሻገረው ጎረቤታችን በኪሱ ያመጣልሃል፤ ፓስፖርት ይዞ፣ በትልቁ መርከብ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ። እንዲህም ይኬዳል ለካ።

ከአያታችን ልጀምር። ኦክቶፐስ ማጥመድ በተጀመረ ሰሞን ስትሮክ እንደመታው ሰምተሃል። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ እምቢ አሉት፤ ምላሱም ከበደ። በዚህ ደሴት አርባ ዓመት ሙሉ ሬሳ ያጠበ ሰው፣ አባታችንን ያጠበ፣ ባሕር የተፋውን ስም የለሽ ሁሉ ከየት ነህ ሳይል ያጠበ ሰው፣ የገዛ ፊቱን ማጠብ አቃተው። ይህ የአላህ ሥራ ነው፤ በዚህ አልቀልድም። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን የእኛ ሥራ ነው። ስትሮኩ ያስተረፈለትን እኛ በአክብሮት ጨረስነው።

መቼም የቤታችንን አክብሮት ታውቀዋለህ። አክስታችን ኩስኩሱን ገና አፉን ሳይከፍት ታጎርሰዋለች፤ ሳይውጥ ትደግመዋለች። እናታችን የሸሚዙን ቁልፍ ትቆልፍለታለች። እኔ ጫማውን አጠልቅለታለሁ። ለጁምዓ ሰላት አራት ጎረምሳ ከነወንበሩ ተሸክሞ መስጊድ ያደርሰዋል፤ ሙሽራ ነው የሚመስለው፣ የከፋው ሙሽራ። ካፌው በር ላይ ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎችም እየመጡ መድኃኒት ያዛሉ። አንዱ የበግ ላት ቀቡት ይላል፣ አንዱ በንብ አስነድፉት ይላል፣ አንዱ ደግሞ ለእሱ ወገብ የታዘዘለትን ክኒን ከኪሱ አውጥቶ ግማሹን ሊያካፍለው ይፈልጋል። አያታችን ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ እንደ ሞተ ዓሣ አጋድሞ እሱኑ ያያል።

አክስታችን የባሰ ነገር ሠራች። የሞት ዕቃ የታመመ ሰው ካለበት ቤት አይቀመጥም ብላ የማጠቢያ ሳንቃውን፣ ባልዲዎቹን፣ ያቺን እጀታዋ ረጅም የሆነ የመዳብ መቅጃ ሁሉ አሸክማ ለመስጊድ ሰጠች። ሬሳ ማጠቡም አዛን ለሚያወጣው ለሲ ሙሕረዝ ተላለፈ። ሲ ሙሕረዝን አንድ ቀን በበር ቀዳዳ አይቼዋለሁ። አፍንጫው ውስጥ የያስሚን አበባ ወትፎ፣ ከሩቅ ቆሞ ውሃ ይረጫል። ሰው የሚያጥብ ሳይሆን ቃሪያ የሚያጠጣ ነው የሚመስለው።

በክረምቱ ባሕሩ ሁለት ሰዎች አወጣ፤ አንዷ ሴት ነበረች። ሲ ሙሕረዝ ወገቤን አለ። ሴት የምታጥበውም አክስታችን እጄን ቁርጥማት ይዞኛል አለች፤ እሷ እውነቷን ነው። ጓንት ያደረጉ ሠራተኞች መጥተው በፕላስቲክ እንደተጠቀለሉ ቀበሯቸው። አያታችን ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን እንደ ምንም ብሎ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ እኔ ነበርኩ አጠገቡ። «አሸዋው አብሯቸው መቃብር ገባ» አለ።

ከዚያ ኦልፋ መጣች።

ኦልፋ ማክሰኞ ማክሰኞ ከባሕሩ ማዶ ከስፋክስ ከተማ በማሻገሪያዋ መርከብ ትመጣለች። አጭር ናት፤ ትልቅ ቦርሳ ትጎትታለች። ሙያዋ ረጅም ስም ስላለው እኛ የሥራ ሐኪሟ እንላታለን። ቦርሳዋ ውስጥ መርፌ የለም፣ ክኒን የለም፤ የልብስ መቆንጠጫ፣ ቁልፍ የተሰፋበት ጨርቅ፣ ማንኪያና ገመድ ነው ያለው። አክስታችን ይህን አይታ ጆሮዬ ላይ «መድኃኒት የማትሰጥ ሐኪም ምኗ ሐኪም ነው? ሥራ ማዘዝማ እኔም አላንስ» አለችኝ። ኦልፋ ሰምታለች። ሄዳ ማንኪያውን ከአክስታችን እጅ ወሰደችና አያታችን ግራ እጅ ውስጥ አስቀመጠችው። በቤታችን ታሪክ ከአክስታችን እጅ ማንኪያ የወሰደ ሰው የለም። አያታችን ግን ማንኪያውን መልሶ አስቀመጠ፤ በግራ እጅ ከሰው ፊት አይበላም።

ኦልፋ አልተከራከረችውም። መሬት ላይ ከፊቱ ተቀምጣ እጅዎ ቢታዘዝልዎ መጀመሪያ ምን ይሠሩበታል ብላ ጠየቀችው። ሁላችንም በእሱ ፈንታ መለስን። አክስታችን ሰላት አለች። እናታችን በቀኙ መብላት አለች። እኔ፣ እኔን በጥፊ መምታት አልኩ። ኦልፋ አንዳችንንም ዞር ብላ ሳታይ ጠበቀች። መርከቧ ተመልሳ የምትሄድ እስኪመስለኝ ጠበቀች።

«ሬሳ ማጠብ» አለ።

አክስታችን ትሪውን ለቀቀችው። ኦልፋ ወረቀቷ ላይ ጻፈችና እንዴት እንደሚታጠብ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ አለችው። ወንድሜ፣ ሰውዬው አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ! ምላሱ እየተንሻፈፈ፣ ምራቁን እየጠረገ። ውሃው ለብ ማለት እንዳለበት፣ የቁርቁራ ቅጠሉ እንዴት እንደሚቀጠቀጥ፣ ከቀኝ ጎን እንደሚጀመር፣ ሦስት ወይም አምስት ጊዜ እንጂ በጥንድ ቁጥር እንደማይታጠብ፣ ዕርቃኑ እንደማይታይ፣ ሆዱን ሕፃን እንደሚያሻሹ ቀስ ብለው እንደሚጫኑት። ኦልፋ ሁሉንም ቆራርጣ ጻፈችው፤ መቅዳት፣ ማፍሰስ፣ ማሸት፣ ማገላበጥ፣ ጨርቅ መጭመቅ፣ የከፈኑን ገመድ ማሰር። ከዚያ በቀላሉ እንጀምራለን አለች። ለእኛ ደግሞ አንድ ትእዛዝ ሰጠችን፤ አትርዱት። አክስታችን ይህን እንደ ስድብ ነው የቆጠረችው።

መጀመሪያ ዱባ አጠበ። አልቀልድም። ደሴቱ ላይ እንደዚያ ዱባ በክብር የታጠበ ዱባ የለም፤ ከቀኝ ጎኑ፣ ሦስት ጊዜ። አክስታችን ዱባውን አልበላም ብላ ለጎረቤት ሰጠችው። ቀጥሎ እርጥብ አሸዋ የሞላ ጆንያ አገላበጠ። ከዚያ ሰው አስፈለገ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እንግዲህ ወንድምህ በየማክሰኞው ሞተ ማለት ነው። በሰፊው ጠረጴዛ ላይ ቁምጣ ለብሼ እጋደማለሁ፤ አክስታችን ሞቴን ላለማየት ጎረቤት ትሄዳለች። ኦልፋ ክንዴን አላልቼ እንድተው ትቆጣኛለች፤ ሬሳ ክንዱን አንስቶ አያቀብልም አለችኝ። ብብቴን ሲነካኝ እስቃለሁ። አያታችን «አንተ ጦጣ፣ ሬሳ አይስቅም» ይላል። ብርድ ልብስ የማይነቃነቅለት የነበረ ሰው በስድስተኛው ማክሰኞ ትከሻዬን ይዞ በጎኔ ገለበጠኝ። እናታችን በር ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ልጄን ሲያጥቡት አላይም ብላ ነው ወይስ ደስ ብሏት፣ አልነገረችንም። በቀኝ እጁ ኩስኩስ አፉ ድረስ ማድረስ የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ጊዜ ጆሮዬን በጣቱ እያጠራ፣ ኦልፋ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ጎንበስ አለና «ይህን የምማረው ላንተ አይደለም፤ ገባህ?» አለኝ። ሬሳ አይናገርም አልኩት። በዚያው ጆሮዬን ቆነጠጠኝ፤ ጣቶቹ እንደዚያ መጨበጥ እንደቻሉ ለኦልፋ ነገርኳትና ደስ ብሏት ጻፈችው።

አሁን ወደ ላክኸው ዕቃ ልምጣ።

በዓሣ ሣጥን ውስጥ የላክኸው ብርቱካናማው የመንሳፈፊያ ሰደርያ ደርሶኛል። እናታችን ኦክቶፐስ ሳጠምድ እንድለብሰው መስሏት፣ ለወንድሙ አሰበለት ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አሳየችው። ኦክቶፐስ የምናጠምደው ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ እንደሆነ ማንም አላስታወሳትም። ኪሱ ውስጥ የከተትካትን ቁራጭ ወረቀት አንብቤ በላኋት፤ ቀለሟ ይመራል። ሰደርያውን ከዙሄር ጋር ጣሪያው ላይ ወጥተን ለካነው። ዙሄርን ታስታውሰዋለህ፤ ያ ጥርሰ ፍንጭቱ፣ የአናጢው ልጅ፣ ከእኔ በአምስት ወር የሚበልጠኝና አምስቱን ወር በየቀኑ የሚያስታውሰኝ። ከዒድ በኋላ ባሕሩ ሲረጋ በጀልባ እንሻገራለን ተባብለን ነበር።

ከዒድ በፊት ግን ነፋሱ ተነሣና መርከቧ ሁለት ማክሰኞ ቀረች። ያኔ አያታችን የደረሰው መቅጃዋ ላይ ነበር። ከመስጊድ መልሼ አምጥቼለታለሁ፤ ሲ ሙሕረዝ መውሰዴን እስካሁን አላወቀም፤ ሬሳ ስላላጠበ ከየት ያውቃል። እጀታዋ ግን ቀጭን ናት፤ ውሃ ሲሞላባት ከጣቶቹ መሃል ታመልጣለች። ለኦልፋ ደወልኩላት። እጀታው መወፈር አለበት፣ ጨርቅ ብትጠቀልሉበት ውሃ ጠጥቶ ይንሸራተታል፣ ውሃ የማይጠጣ ስፖንጅ ነው የሚያስፈልገው፣ መርከቧ ስትነሣ ይዤ እመጣለሁ አለች። አያታችን ግን አልጠበቀም። ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ይቀዳል፣ ያነሣል፣ ትወድቃለች። ጎንበስ ብሎ በግራው ያነሣትና እንደገና። አትርዱት ስለተባለ ቆሜ ቆጠርኩ። በአሥራ አንደኛው ስትወድቅበት አላነሣትም። አለቀሰ፤ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ። አባታችንን ሲያጥብ ያላለቀሰ ሰው።

የኦክቶፐስ ቢላዋውን ይዤ ገባሁ። ከሰደርያው የግራ ትከሻውን ብቻ ልቆርጥ ነበር ያሰብኩት። ቀጭን ሆነብኝ። ከደረቱ ጨመርኩበት። ደረት የሌለው ሰደርያ ደግሞ ምን ይሠራል፤ የቀረውን ለማንኪያው፣ ለምላጩ፣ ለምርኩዙ ቆራረጥኩት።

አያታችን መቅጃዋን ተቀብሎ ብርቱካናማውን እጀታ አየው። ከየት አመጣኸው አለኝ። ከባሕር ዳር ለቅሜ ነው አልኩት። ያው ታውቃለህ፣ በእኛ ባሕር ዳር እንደዚህ ያለ ነገር አይጠፋም። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። «ከባሕር የመጣ ጨው ይሸታል፤ ይሄ የሱቅ ነው» አለ። መቅጃዋን ባልዲው ውስጥ ነከረ፣ ሞላት፣ አነሣት። አልወደቀችም።

ዙሄር ከዒዱ በፊት ባለው ቀን መጣ። አያታችን እስኪጨርስ አልሄድም አልኩት። ምኑን ነው የሚጨርሰው አለኝ፤ ሬሳ መሆኔን ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ፣ እንግዲያው ሰደርያውን አውሰኝ፣ ባለጀልባው የሰጠኝ ቀላል ነው፣ አላመንኩትም አለኝ። ልቦናዬ የት እንደነበረ አላውቅም፤ እንደ ወትሮዬ መቀለድ መጣልኝ። መቅጃዋን አምጥቼ ሰደርያው ይኸውልህ፣ ተቀበል፣ ውሃውን እየቀዳህ ስትጨርሰው በእግርህ ትሻገራለህ አልኩት። እጀታዋን ጨበጠ። ራሱ ላይ እንደ ኮፍያ ደፋት። ከእኔ ይልቅ እሱ ላይ ታምራለች። ከዚያ መለሰልኝና ትከሻዬን መትቶኝ ሄደ። ለማንም አልተናገርኩም። ለአባቱ አልተናገርኩም። ወንድሜ፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዒድ በአራተኛው ቀን እነ ዙሄር ሄዱ። ከዚያ በዘጠነኛው ቀን፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ባሕሩ ውስጥ ለማጥመጃ የተከለውን የዘንባባ አጥር ሊያይ ወጥቶ፣ ዓሦቹ ገብተው በማይወጡበት ጠባብ በር ላይ ዙሄርን አገኘው።

የዙሄር አባት ወደ ሲ ሙሕረዝ አልሄደም። ወደ እኛ መጣ። አናጢ አይደል፣ እጁ ላይ ጣውላ ከሌለ በእጁ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ በሩን ይዞ ቆመ። «ሐጅ፣ ልጄን በፕላስቲክ አይውሰዱብኝ» አለ። አክስታችን እጁ ገና ነው ልትል አፏን ከፈተች። አያታችን ቀድሟት ምርኩዙን ያዘ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ውሃ አሙቅ አለኝ።

ዘጠኝ ቀን ባሕር ያቆየው ሰው ምን እንደሚመስል አልጽፍልህም። በፍንጭቱ አወቅሁት። አንገቱ ላይ የታሰረውን ሰደርያ አያታችን በመቀስ ቆርጦ አወለቀውና ጨመቀው። ውስጡ የዕቃ ማሸጊያ ስፖንጅ ነው፤ ውሃው ፈሰሰ፣ ፈሰሰ፣ አያልቅም። ያንን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ መቅጃዋን አነሣ። እጀታዋን አየ። እኔን አየ። የሚለውን ጠበቅሁ።

«ውሃ ጨምር» አለኝ።

ከቀኝ ጎኑ ጀመርን። አንድ። መቅጃዋ ከመዳፉ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለት። ሦስት። አሸዋው አልወጣም፤ አምስት አደረገው። በአራተኛው ክንዱ ሲዝል እኔ ቀዳሁ፤ እሱ አሸ። ትከሻውን ይዤ ስገለብጠው ዙሄር አልረዳኝም፤ ኦልፋ ሬሳ ክንዱን አያቀብልም ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። መጨረሻ ላይ አያታችን በጣቱ ጆሮውን አጠራለት፤ ልክ እኔን እንዳጠራልኝ። የከፈኑን ገመድም ራሱ አሰረ። ሦስት ጊዜ ፈታው፣ አራተኛው ያዘ። ቆሜ ጠበቅሁት። አልረዳሁትም።

በማክሰኞው ኦልፋ መጣች፤ ሰምታ ነበር። እንደ ልማዷ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ወረቀቷን አወጣች። በመጀመሪያው ቀን ከጻፈቻት «ሬሳ ማጠብ» አጠገብ «ብቻውን ሠርቶታል» ብላ ልትጽፍ ስትል አያታችን እጇን ያዛት፤ በቀኙ።

«ብቻዬን አይደለም፤ ልጁ ረድቶኛል። በዚህኛው ሬሳው እሱ አልነበረም» አላት።

ኦልፋ ወጥታ ፍየሏ ዘንድ ብዙ ቆመች። አክስታችን ሻይ ይዛላት ወጣች፤ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሐኪሟ ነው የምትላት።

ወንድሜ፣ በዚያ ጀልባ ላይ ለዙሄርና ለእኔ ሁለት ቦታ ነበር የተያዘው። ሁለተኛው ለማን እንደተሰጠ አላውቅም። ስሙን የጠየቅሁት ሁሉ አያውቀውም። ገና አልተገኘም። አያታችን በየጠዋቱ ባልዲውን አጥቦ በር ላይ ይደፋዋል፤ መቅጃዋንም አጠገቡ ይሰቅላታል። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ከእሱ ቀድሜ የባሕሩን ዳር አይቼ የምመለሰው እኔ ነኝ። አክስታችን ለዚያ እንኳ አትስቅብኝም።

በስልክ፣ እናታችን ሻይ ልታመጣ በተነሣች ጊዜ፣ ሰደርያው በልክህ ሆነ ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ሳልመልስልህ ተመልሳ መጣች። ሆኗል። ለአያታችን እጅ ልክ ነው። ሌላ አትላክልኝ።

አላህ ከክፉ ነገር ይጠብቅህ፤ ደረትህን ከብርድ፣ ልብህን ከሐሳብ ይሰውርልህ። የዙሄርን አባት በስልክ አጽናናው፤ ከእኔ ይልቅ ካንተ ቢሰማው ይሻለዋል። የእናታችን ዱዓ አይለይህ። የአያታችን ሰላምታ በእጁ ጽሑፍ ከዚህ በታች ነው፤ አንድ ቃል ናት፣ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጅታበታለች፣ ማንም አልረዳውም።

ተቀመጥልኝ።

ታናሽ ወንድምህ